ሆሳዕናን የሰየሙት ሰው

በቀደም ሆሳዕና መናኸሪያ ወርጄ ባጃጅ ያዝኩ። «ዋቸሞ ውሰደኝ» ስለው ልጁ ሳቀ፤ «ዩኒቨርሲቲው ነው ወይስ ከተማው?»

ቀልዱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ከተማዋ ድሮ ስሟ ዋቸሞ ነበር። ሆሳዕና ያሏት ራስ አባተ ቧያለው ናቸው፤ በበዓለ ሆሳዕና ዕለት ነው የሰየሟት ይባላል። እኛ ታዲያ ስሟን በየቀኑ ስልካችን ላይ እየጻፍን ሰውየውን አናውቃቸውም።

አባተ በዓድዋ ዘመን ሊቀ መኳስ ነበሩ። ሊቀ መኳስ ማለት በጦርነት ጊዜ እንደ ንጉሡ ለብሶ የጠላትን ዓይን የሚስብ ሹም ነው። ጥይቱ ንጉሡን ሲፈልግ እሱን ያገኘዋል፤ እንዲህ ዓይነት ሥራ! አባተ ከዚያም ሌላ መድፈኛ ነበሩ። በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ ጣሊያን በምሽጉ ተከቦ በነበረበት ጊዜ ከባልቻ ሳፎ ጋር ስማቸው አብሮ ይነሳል። የአባተ መድፍ የጣሊያንን መድፍ አፉ ላይ መታው ተብሎም ተፎክሮላቸዋል።

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ የሚል ታሪክ ነበር። ግን አባተ ከዓድዋ በኋላ ከምባታን ተሾሙ፤ የዛሬው ሐዲያም በዚያው ግዛት ውስጥ ነበር። ከሳቸው በፊት ከምባታ «ዎማ» የሚባል የራሱ ንጉሥ ነበረው። በሐዲያና በጉራጌ በኩል ደግሞ የቀቤናው ሐሰን ኢንጃሞ የምኒልክን ጦር ለዓመታት ተዋግተዋል። አገሩ ባዶ ቦታ አልነበረም ማለት ነው።

ያኔ ወታደር ደመወዝ የለውም። በደመወዝ ፋንታ ገባር ይሰጠዋል፤ ማዕረጉ ከፍ ባለ ቁጥር የገባሩ ቁጥርም ይጨምራል። ገባሩ ከምርቱ ይሰፍራል፣ እንጨት ይሸከማል፣ አጥር ያጥራል፤ ሚስቱ እህል ትፈጫለች። ስለዚህ ስለ አባተ አዲስ አበባ ብትጠይቁ የዓድዋ ጀግና ይሏችኋል፤ እዚህ የገባር ልጅ ልጅን ብትጠይቁ ሌላ ነገር ትሰማላችሁ። ሁለቱም አልዋሹም። እኔን የሚያናድደኝ ሶሻል ሚዲያ ላይ አንዱን ይዞ ሌላውን «ውሸት ነው» የሚለው ሰው ነው።

አባተ በ1902 ዓ.ም. ኮረም ላይ የደጃዝማች አብርሃ አርአያን አመፅ ሰበሩ። ምኒልክ ታመው አልጋ ላይ ነበሩ፤ እንደራሴው ራስ ተሰማ በ1903 ሲሞቱ አባተ ቤተ መንግሥቱን ለመያዝ ሞከሩ። አልሆነላቸውም። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ገብተው አስታረቁና ወደ ግዛታቸው ተመለሱ፤ ኋላ ግን ተይዘው ታሰሩ። መድፍ ያልበገራቸውን ሰው የቤተ መንግሥት ፖለቲካ በላቸው።

የከተማዋ ስሞች ነገር ግን እዚያ አላለቀም። ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ዋቸሞ ተባለ። ሆስፒታሉ ደግሞ በንግሥት እሌኒ ነው የሚጠራው። እሌኒ የሐዲያ ገራድ ልጅ ናት፤ ለአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ተድራ፣ በልብነ ድንግል ልጅነት አገር አስተዳድራ፣ ለፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ የላከች። አባተ ከመምጣታቸው ከአራት መቶ ዓመት በፊት ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ሆሳዕና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች።

ስወርድ ባጃጅ ነጂውን «ሆሳዕና ያላት ማን እንደሆነ ታውቃለህ?» አልኩት።

«አንድ ራስ ናቸው አሉ» አለኝ ሂሳቡን እየተቀበለ። «አያቴ ግን እስክትሞት ድረስ ገበያ ስትወጣ ‹ዋቸሞ ደርሼ ልምጣ› ነበር የምትለው።»