እንዴት ይሠራል? በብርድ ድምፁ የሚጠፋ የመኪና ስፒከር

ባለፈው ጃንዋሪ አንድ ወዳጄ ስፒከር በፌስታል ጠቅልሎ ሴንት ፖል ወዳለው ቤቴ መጣ። ወዳጄ በሚኒያፖሊስ አየር ማረፊያ ታክሲ ይሠራል። ስፒከሩን ከሾፌሩ በር ላይ የፈታው ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር። «ተቃጥሏል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ዝም ይላል፤ አዲስ ገዝቼ ልገላገል» አለኝ። ቡናው እስኪፈላ ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፈን አስቀመጥነው። ከግድግዳው ሰዓት አንድ የ1.5 ቮልት ድንጋይ አወጣሁና በሁለት ቁራጭ ሽቦ የስፒከሩን ሁለት ጫፎች ለቅጽበት ነካሁ። ጧ አለ። ደግሜ ነካሁት፤ ደግሞ ጧ አለ፤ ወረቀቱም ብቅ ብሎ ተመለሰ። ስፒከሩ ደኅና ነበር።

ወዳጄ ሊገዛ ያሰበው ዕቃ ችግሩን አይፈታለትም ነበር። እንዲህ የሚሆነው እሱ ብቻ አይደለም። በሚኒሶታ፣ በዴንቨር፣ በቶሮንቶ፣ በካልጋሪ የምንኖር ብዙዎቻችን በየዓመቱ የብርዱ ወራት ሲገቡ ደኅና ስፒከር አውጥተን እንጥላለን፤ ደኅና ቴፕ እንቀይራለን። ብርድ ስፒከርን የሚገድልበት ጊዜ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ቀድሞ የተሰነጠቀውን መክፈት፣ ላላ ያለውን ማለያየት ነው። የተሰነጠቀው የቱ እንደሆነ የምናውቀውም አንድ ጥያቄ በመጠየቅ ነው፤ ድምፁ ሲመለስ እንዴት ነው የሚመለሰው?

መጀመሪያ ግን ስፒከሩን ገልብጠን እንየው። ከኋላ ከባድ ማግኔት አለ። ማግኔቱ መሃል ላይ በጣም ጠባብ የሆነ ክብ ክፍተት አለ። በዚያ ክፍተት ውስጥ ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ኮይል፣ ግራ ቀኙን ሳይነካ ተንጠልጥሏል። ኮይሉ የተጣበቀው ከወረቀቱ ጋር ነው። (ከፕላስቲክ ቢሠራም የስፒከር ጠጋኞች «ወረቀት» ነው የሚሉት፤ እኔም እንደ እነሱ ልበል።) ከቴፑ የሚመጣው ኤሌክትሪክ አቅጣጫውን በለዋወጠ ቁጥር ማግኔቱ ኮይሉን ይስበዋል፣ ይገፋዋል፤ ወረቀቱም አብሮ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተመላለሰ አየሩን ያርገበግበዋል። ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1925 ያቀረቡት ንድፍ ይኸው ነው፤ ዛሬም በበራችን ውስጥ ያለው በመሠረቱ እሱ ነው።

ኮይሉን መሃል ላይ ይዘው ወደ ቦታው የሚመልሱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ በወረቀቱ ዙሪያ ያለው ላስቲክ ወይም ስፖንጅ ነው፤ ሌላው ከኋላ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈው ጨርቅ ነው። ብርዱ ቀድሞ የሚያገኘው እነዚህን ነው። ዝናብ የነካው ከበሮ ቆዳው ረግቦ ድምፁ ይሞታል፤ ፀሐይ ሲመታው ይወጠርና ነፍስ ይዘራል። በስፒከር ላይ የሚደርሰው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ላስቲኩ በብርድ ይደርቅና ከሚገባው በላይ ይወጠራል። ብዙ መንገድ መሄድ የሚፈልገው ወፍራሙ ድምፅ፣ ባሱ፣ መተላለፊያ ያጣል። ቀጭኑ ድምፅ ግን ትንሽ ንቅናቄ ስለሚበቃው ይሰማል። ጠዋት ላይ ዘፈኑ ከቆርቆሮ ውስጥ የሚወጣ የሚመስለው ለዚህ ነው። አንዳንድ ትንንሽ ስፒከሮች ደግሞ በኮይሉ ዙሪያ ብረት አዘል ፈሳሽ አላቸው። እሱም በብርድ እንደ ቅቤ ይወፍራል፤ ያን ጊዜ ቀጭኑም ድምፅ ይታፈናል።

ይኼ ሁሉ ብልሽት አይደለም። መኪናው ሲሞቅ ድምፁ ቀስ በቀስ፣ መቼ እንደተመለሰ ሳይታወቅ ይመለሳል። የበሩ ስፒከር ከሌሎቹ ቢዘገይ አትደነቁ። ጀርባው ያለው በበሩ ባዶ ሆድ ውስጥ፣ ከውጭው ቆርቆሮ ጋር ፊት ለፊት ነው። እናንተ ሞቋችሁ ጃኬት ስታወልቁ እሱ ገና ውጭ እንዳለ ነው። በዚህ ሰዓት የሚጎዳው ባሱን ለማግኘት ብሎ ድምፁን መጨመር ነው። ብዙ የስፒከር ወረቀቶች የሚሠሩበት ፖሊፕሮፒሊን የተባለው ፕላስቲክ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲወርድ በቀላሉ የሚሰበር ይሆናል፤ ዕድሜ የጠገበ ስፖንጅም ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ላስቲኩ እስኪለሰልስ ጥቂት ደቂቃ ታገሡት።

ብርዱ ስንል ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 በሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተመዝግቧል። የደብረ ብርሃንን ውርጭ ለምናውቅ ሰዎች እንኳ ይኼ ሌላ ዓለም ነው። በነገራችን ላይ የአየር ትንበያው «ከነፋሱ ጋር ሲሰማ» እያለ የሚነግረን የባሰ ቁጥር ለሰው ገላ የተሰላ ነው። ነፋሱ መኪናውን ቶሎ ያቀዘቅዘዋል እንጂ ከአየሩ በታች አያወርደውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ ሽቦው። አብዛኛው ነገር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሁሉም ግን እኩል አይኮማተርም። የአንድ ሜትር የመዳብ ሽቦ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ ከዜሮ በታች 30 ቢደርስ 0.85 ሚሊሜትር ያህል ያጥራል። ሽቦውን የሸፈነው ፕላስቲክ ግን በሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ማጠር ይፈልጋል። ሶኬቱ ፕላስቲክ ነው፣ ጥርሱ ብረት ነው፣ ብየዳው ሌላ ብረት ነው፤ እያንዳንዱ ወደራሱ ይጎትታል። ደኅና ብየዳ ይኼን ይችለዋል። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያለበት ብየዳ ግን ይለያያል፤ ሲሞቅ ተመልሶ ይገጥማል። ስለዚህ ድምፁ ቀስ በቀስ ሳይሆን በድንገት፣ «ጠቅ» ብሎ ከተመለሰ፣ ወይም መኪናው ጉድጓድ ሲመታ መጥቶ ከጠፋ፣ ስፒከሩን ተዉትና መገጣጠሚያዎቹን ፈልጉ።

የወዳጄ ስፒከር የሚመለሰው እንዴት ነበር? ይህን ስጠይቀው መጀመሪያ «ሲሞቅ» አለኝ። ቡናው ሁለተኛ ሲቀዳ አሰብ አደረገና «ኧረ አይደለም። አየር ማረፊያ ደርሼ የመንገደኛ ሻንጣ ላወጣ በር ስከፍት ነው የሚመጣው። ስዘጋው ደግሞ አንዳንዴ ይሄዳል» አለ። ከዚህ በኋላ ብዙ የሚመረመር ነገር አልቀረም።

በሩን ከፍታችሁ ማጠፊያው አጠገብ ብታዩ፣ ከመኪናው አካል ወደ በሩ የሚሻገር የተጣጠፈ ጥቁር የላስቲክ ቱቦ አለ። የስፒከሩ፣ የመስኮቱ፣ የቁልፉ ሽቦዎች በሙሉ በእሱ ውስጥ ያልፋሉ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ይዘረጋሉ፣ በተዘጋ ቁጥር ይታጠፋሉ። የታክሲ ሾፌር በር በቀን ስንት ጊዜ እንደሚከፈት አስቡት! በዚያ ላይ ብርዱ የሽቦውን ሽፋን እንደ እንጨት ያደርቀዋል፤ የውስጡ የመዳብ ክር በየቀኑ እዚያው አንድ ቦታ ላይ እየታጠፈ አንድ በአንድ ይበጠሳል። ከውጭ ሽፋኑ ደኅና ይመስላል። ውስጡ ግን ሁለት ጫፎች ተፋጥጠዋል፤ በሩ ሲንቀሳቀስ ይነካካሉ፣ ይለያያሉ። በማግስቱ ጠዋት፣ መኪናው ሌሊቱን ውጭ አድሮ፣ ስፒከሩን መልሰን ከሽቦው ጋር አገናኝተን፣ ወዳጄ ሬድዮውን ከፍቶ በሩን ቀስ እያለ ሲያመላልስ እኔ ቱቦውን በጣቴ ያዝ ለቀቅ አደረግሁት። ስፒከሩ በቴፑ ባላንስ ለብቻው እንዲሰማ አድርገን ስለነበር ነገሩ ወዲያው ታወቀ፤ ቱቦውን ወደ ላይ ስገፋው ድምፁ መጣ፣ ስለቀው ጠፋ።

ቴፑ ላይ ድምፁን ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ የሚያደርገው ማስተካከያ ያለ ምንም መሣሪያ የምናገኘው ምርመራ ነው። አንዱ ስፒከር ብቻ ከጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእሱ ወይም የሽቦው ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከጠፉ ግን አራት ስፒከር በአንድ ሌሊት አይቃጠልም፤ ወደ ኤሌክትሪኩ ምንጭ ሂዱ። ባትሪ በብርድ ይደክማል። ባትሪው ላይ የተጻፈው የማስነሻ ኃይል ራሱ የሚለካው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ነው፤ አምራቾቹም ፈተናው ያለው እዚያ እንደሆነ ያውቃሉ። ሞተሩ ሲነሣ ቮልቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ብዙ አምፕሊፋየሮች ደግሞ ቮልቱ ወደ 10 ሲጠጋ ራሳቸውን ለመጠበቅ ይዘጋሉ። ሞተሩ ተነሥቶ ዲናሞው ሲሠራ በባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ሊነበብ ይገባል። እሱ ካለና ድምፁ አሁንም ከተንጣጣ ወይም ከጠፋ፣ አምፕሊፋየሩ ውስጥ ያሉትን ካፓሲተሮች ጠርጥሩ። በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በብርድ ይወፍርና አቅማቸው ይቀንሳል፤ ያረጁት ሲሞቁ ብቻ ይሠራሉ። ይኼ የባለሙያ ሥራ ነው፤ በቤት አትሞክሩት።

አምፕሊፋየሩ ከወንበር ሥር ያለባቸው መኪናዎች ሌላ ጠላት አለባቸው። በጫማችን የምናስገባው በረዶ ይቀልጣል፤ ውሃው የመንገዱን ጨው ይዞ ምንጣፉ ሥር ይገባል። ጨው ያለበት ውሃ መዳብን ይበላል፤ ሶኬቱ ላይ አረንጓዴ ዝገት ካያችሁ ምክንያቱ እሱ ነው። ምንጣፉን ገልጣችሁ እጃችሁን ሰድዳችሁ ዳስሱ። ስፒከሩ ራሱ የሚቧጥጥ፣ የሚፋቅ ድምፅ ካሰማ ደግሞ ምናልባት እርጥበት ገብቶ በማግኔቱ ጠባብ ክፍተት ውስጥ በረዶ ሆኖ ይሆናል። የመኪናው ማሞቂያ ያቅልጠው፤ የፀጉር ማድረቂያ በቅርብ አትደግኑበት፤ ሙጫውን ያላቅቀዋል። ሞቆም ከተቧጠጠ ኮይሉ ከመሃል ወጥቷል፤ ያኔ በእርግጥ አዲስ ያስፈልጋል።

ቴስተር ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። 4 ኦም የተባለ ስፒከር ሽቦው ተፈትቶ ሲለካ 3.5 ኦም አካባቢ ያሳያል። ምንም ካላሳየ ተበጥሷል። ነገር ግን መዳብ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ ሙቀቱ በወረደ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 ከመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ቤት ውስጥ 3.5 ያሳየው ስፒከር ከዜሮ በታች 30 ላይ 2.8 ያሳያል። ይህን የማያውቅ ሰው «ሾርት ሆኗል» ብሎ ደኅናውን ይጥላል። ቁጥሩ ሲያንስ ቴፑ ብዙ ኤሌክትሪክ ይልካል ማለትም ነው፤ ጠዋት ድምፁን አትጨምሩ ያልኩበት ሁለተኛው ምክንያት ይኼ ነው።

የበሩን ሽፋን ስትፈቱ ግን መኪናውን አሙቁ። ሽፋኑን የያዙት የፕላስቲክ ቁልፎች በብርድ እንደ ብስኩት ይሰበራሉ። በአንዳንድ መኪናዎች በር ውስጥ የኤርባግ ሴንሰር ስላለ አስቀድማችሁ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። ወዳጄ ያንኑ ስፒከር መልሶ ገጠመው፤ የተበጠሰውን ሽቦ ቆርጠን አዲስ ቁራጭ በየድን፣ በሩ ሲከፈት እንዳይወጠር ትንሽ ትርፍ ተውንለት። አሁንም እየሠራ ነው።

የናንተም ስፒከር በብርዱ ወራት ከተቸገረ ለነገ አትበሉ። ነገ ጠዋት መኪናው ሳይሞቅ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱት፣ ሰዓት ያዙ፣ በሩን ከፍታችሁ ዝጉ፣ የሰማችሁትን ጻፉት። ስንጥቁ የሚከፈተው በብርድ ነው፤ ሚያዝያ ሲገባ ይገጥምና ማንም መካኒክ አያገኘውም።