አዛን ያሰማነውን ጆሮ እንጠብቅ



ልጅ ሲወለድልን በጆሮው አዛን እናሰማዋለን። ያ ጆሮ አማና ነው። በሕፃናት ላይ ጆሮን ከአፍንጫ ጀርባ ጋር የሚያገናኘው ቱቦ አጭር ስለሆነ፣ ጉንፋን ሲይዛቸው ጀርም በቀላሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ሕመሙ ከተደጋገመና መግሉ ሳይታከም ከቆየ መስማትን ይጎዳል፤ በደንብ የማይሰማ ልጅ ደግሞ አፍ መፍታትም ቁርኣን መቅራትም ይከብደዋል።

ከጀርሞቹ አንዱ የሳንባ ምችንና ማጅራት ገትርንም የሚያመጣው ኒሞኮከስ ነው። ክትባቱ በአገራችን በ2004 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። ኩፍኝም ጆሮን ሊያመረቅዝ ስለሚችል የ9 እና የ15 ወር ክትባቱ አይለፈን። ክትባት የጆሮ ሕመምን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያስቀርም። ስለዚህ ጆሮው የሚፈስ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ዘይትም ሆነ የጡት ወተት ጆሮው ውስጥ አይጨመር።

«አላህ ይጠብቀዋል» ብለን ክትባቱን የምንተው ካለን፣ ተወኩል ማለት ሰበቡን አድርሶ ውጤቱን ለአላህ መስጠት መሆኑን እናስታውስ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንድንታከም አዘውናል።

አላህ ልጆቻችንን አዛኑን ሰምተው የሚነሱ ያድርግልን። አሚን።