«ኢንተርንሺፕ አግኝቻለሁ፣ ገንዘብ ላኪልኝ» ሲባል

ከጀህራ እስከ ሳልሚያ በየቤቱ ደክማችሁ በምታገኙት ደመወዝ ብዙዎቻችሁ ወንድም ወይም እህት፣ አንዳንዶቻችሁም ልጅ በዩኒቨርሲቲ ታስተምራላችሁ። ስለዚህ በዚህ እትም የምንመለከተው ጉዳይ ከወጥ ቤትና ከልብስ መተኮሻው የራቀ ቢመስልም፣ የላባችሁን ዋጋ የሚነካ ነው።

ኮምፒውተር የሚያጠና ልጅ ያላት እህት አንድ ቀን እንዲህ የሚል ስልክ ሊደርሳት ይችላል፦ «በሰው ሠራሽ አስተውሎትና በሳይበር ደህንነት ውጭ አገር የተማሪ ልውውጥ ኢንተርንሺፕ አግኝቻለሁ። ቦታው እንዳያመልጠኝ በዚህ ሳምንት 1,000 ዶላር መክፈል አለብኝ።» በዛሬው ምንዛሪ 1,000 ዶላር ከ300 ዲናር ትንሽ ይበልጣል። ኩዌት በ2016 እ.ኤ.አ. ለቤት ሠራተኛ በወሰነችው ዝቅተኛ ደመወዝ፣ በወር 60 ዲናር ሲሰላ፣ የአምስት ወር ድካም ነው። ልጁ ደግሞ ላይዋሽ ይችላል፤ የነገሩትን አምኖ ነው የሚናገረው። ታዲያ እውነተኛው ከሐሰተኛው የሚለየው በምንድን ነው?

በመጀመሪያ ቃላቱን እንረዳቸው። ኢንተርንሺፕ ማለት ተማሪ ከመመረቁ በፊት በድርጅት ወይም በምርምር ተቋም ገብቶ ሥራውን በእጁ የሚለማመድበት ጊዜ ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የምህንድስና ተማሪ አንድ መንፈቀ ዓመት እንዲህ ያለ ልምምድ ማድረግ ግዴታው ነው። ስለዚህ ልጁ ቃሉን ሲያነሣ እንግዳ ነገር አመጣ ብላችሁ አትደንግጡ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውንም ሳታውቁት ትጠቀሙበታላችሁ። ማዳም በዐረብኛ የላከችላችሁን መልእክት በስልካችሁ ወደ አማርኛ ስታስተረጉሙ የሚሠራው እርሱ ነው። ጎግል አማርኛን በትርጉም አገልግሎቱ ውስጥ የጨመረው በየካቲት 2008 ዓ.ም. ነበር። ትርጉሙ አንዳንዴ የሚያስቅ የሚሆነው ኮምፒውተሩ የተማረበት የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው እጅግ ስለሚያንስ ነው። በዚህ ዘርፍ ልምምድ የሚገባ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሥራ ኮምፒውተር የሚማርበትን ጽሑፍ፣ ድምፅ ወይም ፎቶግራፍ መሰብሰብና እንደ ምስር መልቀም ነው፤ ከዚያም ኮምፒውተሩ የተማረውን ይፈትነዋል። የሳይበር ደህንነት ደግሞ የባንክ፣ የሆስፒታል፣ የመብራት ኃይል ኮምፒውተር ሌባ እንዳይገባበት መጠበቅ ነው። ተለማማጁ በባለቤቱ ፈቃድ በሩን እየነቀነቀ የላላውን ማጠፊያ ይፈልጋል። ሁለቱም ሥራ ላፕቶፕና ኢንተርኔት እንጂ ትልቅ ፋብሪካ ስለማይፈልግ፣ ከድሃ አገር የመጣ ልጅም በችሎታው ሊገባበት ይችላል። ተስፋውም አደጋውም እዚሁ ላይ ነው።

«የተማሪ ልውውጥ» የሚለው ደግሞ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የገጠር ልጆች የሆናችሁ ወንፈልን ታውቃላችሁ፤ ዛሬ እኛ የእናንተን እናርማለን፣ ነገ እናንተ የእኛን ታርማላችሁ። አያስቴ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው የቴክኒክ ተማሪዎች የልውውጥ ማኅበር በ1948 እ.ኤ.አ. ለንደን በሚገኘው ኢምፔሪያል ኮሌጅ የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ነው። ሲጀመር አሥር የአውሮፓ አገሮች ነበሩ፤ ጊዜውም የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ሦስተኛ ዓመት ያልሞላበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ300 ሺህ በላይ ተማሪዎች በዚህ መንገድ ሄደው ሠርተዋል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የእያንዳንዱ አገር ኮሚቴ ከአገሩ ኩባንያዎች የልምምድ ቦታ ይለምናል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ይገናኙና ቦታ በቦታ ይለዋወጣሉ። አንድ የጀርመን ኩባንያ ለውጭ ተማሪ ቦታ ሲሰጥ፣ በልዋጩ አንድ ጀርመናዊ ተማሪ ሌላ አገር ቦታ ያገኛል። የሚቀበለው ኩባንያ ለተለማማጁ ለኑሮ የሚበቃ ክፍያ ይሰጠዋል። የአውሮፕላን ትኬት፣ ኢንሹራንስና የቪዛ ወጪ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተማሪው ነው።

የወንፈል ችግሩ በሬ የሌለው ሰው መግባት አለመቻሉ ነው። ለውጭ ተማሪ ብዙ ቦታ የሚሰጥ ኩባንያ የሌለው አገር ብዙ ቦታ አይለወጥለትም። በምትሠሩበት ቤት ያለው ወጣት በመንግሥቱ ስኮላርሺፕ አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ሲሄድ ሻንጣውን አስተካክላችሁ ይሆናል። ለእርሱ ትኬት ቁም ነገር አይደለም። ለእኛ ልጅ ግን ግድግዳው ትኬቱ ነው። ስለዚህ በእኛ አስተያየት የኢትዮጵያ ተማሪ ዓይኑን ሊያሳርፍ የሚገባው ልውውጥ ከሚባለው ይልቅ ተቀባዩ ሙሉ ወጪውን ችሎ በሚጠራበት በር ላይ ነው።

እንዲህ ያለ በር ለእኛ እዚህ ቅርብ አለ። ከጅዳ በስተ ሰሜን፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ ቱዋል በምትባል ስፍራ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የንጉሥ አብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመትና ከዚያ በላይ የደረሱ የዲግሪ ተማሪዎችን፣ የማስተርስ ተማሪዎችንም ጭምር፣ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ለሚቆይ የምርምር ልምምድ ይቀበላል። ሰው ሠራሽ አስተውሎትም የሳይበር ደህንነትም ከዘርፎቹ መካከል አሉ። ወርኃዊ አበል ይሰጣል፣ መኖሪያ ይሰጣል፣ ትኬት ይቆርጣል። ነገር ግን ውጤት ይጠይቃል፤ ከ4 ነጥብ ቢያንስ 3.5 ያላመጣ ባይደክም ይሻለዋል። ሳዑዲ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ሌላ ሥራ ነው፤ በዚያው አገር የእኛ ልጅ ሙሉ ወጪው ተችሎ ላቦራቶሪ ሊገባ መቻሉን ማወቁ ደስ ይላል። በጃፓን የኦኪናዋ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋምም ተመሳሳይ ፕሮግራም አለው።

ሌላው መንገድ ከአዲስ አበባ ይነሣል። በ2019 እ.ኤ.አ. ኤምሬ ቫሮል የተባለ ቱርካዊ የጀመረው ኤቱኤስቪ የሚባል ድርጅት አለ፤ ስሙ ሲተረጎም «ከአፍሪካ ወደ ሲሊከን ቫሊ» ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በፈተና መርጦ በነጻ ያሠለጥናል። ከሠለጠኑት መካከል እንደ ጎግል ባሉ ትላልቅ ኩባንያዎች ለልምምድና ለሥራ የተቀጠሩ አሉ። እነዚህ ኩባንያዎች ለተለማማጅ ደመወዝ ይከፍላሉ እንጂ ከተለማማጅ ገንዘብ አይቀበሉም።

ውጭ መውጣት ግድ ካልሆነም አገር ቤት በር አለ። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ ሰዉ ኢንሳ የሚለው፣ የሳይበር ተሰጥኦ ላላቸው ወጣቶች የክረምት ሥልጠና ያዘጋጃል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለ የኢንተርኔት ሥልጠና ጀምሯል። ሥልጠናው በነጻ ነው፤ «ላስመዝግብህ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ አትስጡ።

ከሁሉ በላይ ልብ ልትሉት የሚገባው ጉዳይ ቪዛ ነው። ልጁ በእውነት ተመርጦ፣ ደብዳቤው በእጁ ገብቶ፣ በኤምባሲው በር ሊመለስ ይችላል። ይህ በተማሪ ብቻ የሚደርስ አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. በካናዳ ሞንትሪያል ትልቅ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ ሲደረግ፣ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ከባልደረቦቿ ጋር ያቋቋመችው የጥቁር ተመራማሪዎች ማኅበር ከጋበዛቸው ብዙዎቹ ቪዛ ተከልክለዋል። በዚህ ምክንያት ብዙ ክርክር ተነሣ፤ አይ.ሲ.ኤል.አር. የተባለው ሌላው ትልቅ ጉባኤም በ2020 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ እንዲካሄድ ተወሰነ። ምን ያደርጋል፣ ኮሮና መጣና በኢንተርኔት ሆኖ ቀረ። እንግዲህ ተመራማሪ እንዲህ ከተመለሰ፣ ለአንድ ተማሪ «ቪዛው ያለቀ ነው» የሚል ደላላ ምን ይዞ ነው የሚናገረው?

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. (በ2025 እ.ኤ.አ.) አንድ የምያንማር ታጣቂ ቡድን 260 ሰዎችን ለታይላንድ ጦር አስረከበ። ከሃያ ያህል አገሮች የመጡ ነበሩ፤ ከግማሽ በላይ፣ ማለትም 138ቱ፣ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እንዲህ ያሉ ወጣቶች የሚታለሉት ታይላንድ ውስጥ ጥሩ የኮምፒውተር ወይም የቢሮ ሥራ አለ እየተባለ ነው። ባንኮክ ሲያርፉ በመኪና ወደ ማይ ሶት ከተማ ይወሰዳሉ፤ ከዚያ ወንዝ ተሻግረው ምያዋዲ አካባቢ ባለ ግቢ ይዘጋባቸዋል። ፓስፖርታቸው ይነጠቃል። ቀን ከሌት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው፣ በሐሰት ስምና ፎቶግራፍ በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎችን በኢንተርኔት እንዲያጭበረብሩ ይገደዳሉ። የታዘዙትን ያህል ገንዘብ ካላመጡ ይደበደባሉ፣ በኤሌክትሪክ ይነዘራሉ፤ ለመለቀቅም ከቤተሰብ ገንዘብ ይጠየቃል። እዚያ የሚፈለገው ማረስና መሸከም የሚችል አይደለም። እንግሊዝኛ የሚያውቅ፣ ጽሑፍ የሚፈጥን፣ ኮምፒውተር የሚወድ ወጣት ነው የሚፈለገው። ማለትም እናንተ ከዚህ ሆናችሁ የምታስተምሩት ዓይነት ልጅ።

ስለዚህ ልጁ ሲደውል አትቆጡት፤ ደስ ይበላችሁና ጠይቁት። ከሁሉ በፊት ገንዘቡ ለማን እንደሚከፈል ጠይቁ። የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ የ2015ቱ ቁጥር 68፣ መክተብ ከሠራተኛዋ ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል፤ ወጪው የአሠሪ ነው። የሐቀኛ ልምምድ አሠራርም ወደዚህ ይቀርባል። ቲኬት ከሆነ ለአየር መንገድ፣ የቪዛ ክፍያ ከሆነ ለኤምባሲው ወይም ኤምባሲው ለወከለው ድርጅት፣ በደረሰኝ ይከፈላል። በአንድ ግለሰብ ስም ወይም በቴሌግራም በተላከ የሒሳብ ቁጥር ከሆነ ግን ማቆም ነው። «ምዝገባ»፣ «ማስያዣ»፣ «ማፋጠኛ» እየተባለ ክፍያው ከተከታተለም እንዲሁ። እርግጥ በሕግ የተመዘገቡ፣ ገንዘብ ተቀብለው የልምምድ ቦታ የሚፈልጉ ድርጅቶችም አሉ። ሌቦች ናቸው አንልም። ነገር ግን በእናንተ ደመወዝ የሚሞከር አይደለም።

ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲው የኢንዱስትሪ ትስስር ቢሮ ስለ ልምምዱ ያውቅ እንደሆነ ይጠየቅ። ልጁ የተቀበለውን ደብዳቤ ይዞ ቢሮው ሄዶ ያሳያቸው፤ እነርሱ ለተቋሙ በራሱ አድራሻ፣ በደብዳቤው ላይ ባለው ሳይሆን ተቋሙ በይፋ በሚታወቅበት አድራሻ፣ ጽፈው ማረጋገጥ ይችላሉ። ደብዳቤው ላይ የሚቀበለው ፕሮፌሰር ወይም ክፍል፣ የሚሠራው ሥራ፣ የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ቀን መኖር አለበት። «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚል ርዕስ ብቻ ይዞ ሥራው ያልተገለጸ ወረቀት ዋጋ የለውም።

የቪዛውንም ዓይነት ጠይቁ። በዚያራ ቪዛ የገባ ሰው ሥራ መሥራት እንደማይችል እኛ ኩዌት ያለን ሰዎች ማንም ሊያስተምረን አያስፈልግም። ወደ አሜሪካ ለልውውጥ ልምምድ የሚሄድ ተማሪ ጄ-1 የተባለ ቪዛ ይሰጠዋል፤ ለዚያም የአሜሪካ መንግሥት የሚያውቀው ድርጅት ዲኤስ-2019 የተባለ ቅጽ አስቀድሞ ይልክለታል። ልጁ ይህን ቅጽ አይቶት የማያውቅ ከሆነ የሚከፈል ነገር ገና አልመጣም። «በቱሪስት ቪዛ ግባ፣ እዚያ እናስተካክለዋለን» ከተባለ፣ ምያዋዲ የገቡትም የተባሉት እንዲህ ነው።

ላኪ የሚላችሁን መላክ ባይገባችሁም፣ መርዳት ከፈለጋችሁ ደግሞ ጥሩ ቦታ አለ። ፓስፖርት አስቀድሞ ይውጣለት፤ ከ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ መደበኛው 5,000 ብር ሆኗል፤ በጥድፊያ ሲሆን ግን ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው። እንዲህ ያሉ ዕድሎች ሲመጡ ቀነ ገደባቸው አጭር ስለሆነ፣ ፓስፖርት የሌለው ልጅ ወይ ያመልጠዋል ወይ የጥድፊያውን ይከፍላል። ከዚያ ላፕቶፕ። አዲስ መሆን የለበትም፤ ሐዋሊ ካሉት ሱቆች ያገለገለ ደህና ላፕቶፕ ተገዝቶ አገር በሚገባ ሰው እጅ ሊላክ ይችላል፤ ከመላኩ በፊት ግን ባትሪው ይታይ፣ ቻርጀሩም አብሮ ይሁን። ከዚያ በየወሩ የኢንተርኔት ጥቅል። ውጭ አገር የሚሄድበት ቪዛ ቢከለከል እንኳ በላፕቶፑ መሥራት የተማረ ልጅ ሥራውን አዲስ አበባ ተቀምጦ ይቀጥላል።