ስልክን ከቴሌስኮፕ ጋር ማጋጠም፦ የሚባለውና እውነቱ

ሚያዝያ ላይ መተማ ቀኑን አርባ ዲግሪ እየነካ ይውላል፤ ማታ ሙቀቱ ቤት አላስቀምጥ ሲል አልጋ ደጅ ይወጣል። ከሰማዩ ጋር ፊት ለፊት እያደረ፣ «የጨረቃን ፎቶ ለማንሳት ውድ ካሜራና ከውጭ የሚመጣ አዳፕተር የግድ ነው» የሚለውን አምኖ የተቀመጠ ወጣት ያሳዝነኛል። ስልክና ትንሽ ቴሌስኮፕ ካለ የቀረው የቧንቧ ቁራጭ ነው።

ስልኩ የራሱ ሌንስ ስላለው፣ የሚፈለግበት ዓይናችን የሚቆምበት ቦታ ላይ መቆም ብቻ ነው። ችግሩ ቦታው ጠባብ መሆኑ ነው። የፊት ሌንሱ 70 ሚሊ ሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ 700 በሆነ ቴሌስኮፕ ላይ ባለ 25 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ ቢገባ 28 ጊዜ ያጎላል፤ የሚወጣው ብርሃን ግን 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሰፋል። የስልኩ ሌንስ ከዚያች ጨረር ትንሽ ዘወር ካለ ምስሉ ይጨልማል። «እጄ አይንቀጠቀጥም» የሚል ሰው እንኳ ለረጅም ጊዜ አይይዛትም።

ስለዚህ የዓይን ሌንሱን ጭንቅላት ከውጭ የሚያቅፍ የፕላስቲክ ቧንቧ ይቆረጣል። ከሰፋ ውስጡ በካላማዳሪያ ቁራጭ ይለበጣል። ከዚያ በአሮጌ የስልክ ከቨር ላይ፣ ካሜራው ባለበት ቀዳዳ ትክክል ይገጠማል። ቧንቧው ከመቆረጡ በፊት ግን ቴሌስኮፑን ጨረቃ ላይ አነጣጥሩና ስልኩን ከዓይን ሌንሱ በጥቂቱ አርቁት፣ አቅርቡት። ስክሪኑ መሃል ያለችው ትንሽ የብርሃን ክብ እየሰፋች ትሄዳለች፤ ከሁሉ በላይ የምትሰፋበትን ርቀት ለኩ፤ የቧንቧው ርዝመት የሚወሰነው በእሱ ነው። በሙቀት የሚቀልጥ ሙጫ በቆላ ፀሐይ መኪና ውስጥ ሲውል ይላላልና በብሎን ወይም በቀጭን ሽቦ ማሰር ይሻላል። ፎቶውም በታይመር ይነሳ፤ የጣት ንክኪ ምስሉን ያደበዝዘዋል።

«ኦብዘርቫቶሪው እንጦጦ ላይ የተሠራው ቆላ ላይ ሰማይ ስለማይታይ ነው» የሚሉም አሉ። 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለተተከሉት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ከፍታው ይጠቅማል። ለጨረቃ ጉድጓዶችና ለጁፒተር አራት ትላልቅ ጨረቃዎች ግን መተማ በቂ ነው። አመሻሽ ላይ ከመሬት የሚነሳው ሙቀት ምስሉን ያርገበግበዋልና ሌሊቱ እስኪገፋ ታገሡ።

የሚያስፈራኝ የፀሐይ ነገር ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ቀለበት የሠራው ግርዶሽ መተማ ላይ በከፊል ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን በራጅ ፊልም ወይም ጥላሸት በተቀባ መስታወት ማየት ይበቃል ይባላል። አይበቃም። በቴሌስኮፕ ሲሆን ደግሞ ዓይን በቅጽበት ይጠፋል፤ ስልኩም ይቃጠላል። ለፀሐይ የተሠራ ማጣሪያ ከፊት፣ በትልቁ ሌንስ ላይ ይታሰራል እንጂ ከዓይን ሌንሱ ጋር አይሆንም፤ እዚያ የተጠራቀመው ሙቀት ይሰነጥቀዋል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የግብፅን ሉክሶር ሙሉ በሙሉ የሚያጨልመው ግርዶሽ፣ የክረምቱ ደመና ከገለጠ መተማ ላይ በከፊል ይታያል። ማጣሪያ ከሌለ በዚያን ቀን ቴሌስኮፑ ክዳኑን እንደለበሰ ይዋል።