ለመጀመሪያ ጊዜ በመዝናኛ መርከብ ለሚጓዝ ሰው

ብዙዎች «ክሩዝ» የሚሉት የመዝናኛ መርከብ ጉዞ መኝታን፣ ምግብንና መጓጓዣን በአንድ ዋጋ ያጠቃልላል። መንገደኛው ሻንጣውን አንድ ጊዜ ብቻ ይፈታል፤ መርከቧ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት እየተጓዘች ጠዋት ጠዋት አዲስ ወደብ ላይ ታደርሰዋለች። ከመነሻዎቹ ስመ ጥር የሆነው የፍሎሪዳው ማያሚ ወደብ ሲሆን፣ ከዚያ የሚነሱ መርከቦች ወደ ባሃማስ፣ ወደ ሜክሲኮና ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ይሄዳሉ።

ከሁሉ የሚቀድመው ሰነድ ነው። ከአሜሪካ ወደብ ተነስቶ ወደዚያው በሚመለስ ጉዞ የአሜሪካ ዜጋ አብዛኛውን ጊዜ በልደት የምስክር ወረቀትና በመታወቂያ መሳፈር ይችላል። ሆኖም መንገድ ላይ ታሞ በአውሮፕላን መመለስ ግድ ቢሆንበት ያለ ፓስፖርት ይቸገራል። ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው መርከቧ የምትቆምባቸው አገሮች ቪዛ ይጠይቁት እንደሆነ አስቀድሞ ማጣራት አለበት። የጥገኝነት ጥያቄው ገና ውሳኔ ያላገኘ ሰው ደግሞ ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ከአሜሪካ ቢወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ሊቆጠርበት ስለሚችል፣ ጠበቃ ሳያማክር ቲኬት መቁረጥ የለበትም።

የቲኬቱ ዋጋ ሁሉንም ወጪ አይሸፍንም። የአልኮል መጠጥ፣ ኢንተርኔትና የወደብ ላይ ጉብኝት በብዙ መርከቦች ለየብቻ ይከፈላሉ። ለሠራተኞች የሚሰጠው ጉርሻም በእያንዳንዱ ሰው ላይ በየቀኑ ይታሰባል። ስልክን ከወደብ እንደወጡ «ኤርፕሌን ሞድ» ላይ ማድረግ ከከባድ የሳተላይት ሂሳብ ያድናል።

ባሕር ሲናወጥ የሚያቅለሸልሸው ሰው ክፍል ሲመርጥ ከመርከቧ መሐል፣ ከታችኛው ፎቅ ቢሆን ይሻለዋል፤ አውቶቡስ ውስጥ ከኋላ የተቀመጠ ይበልጥ እንደሚናጥ ሁሉ፣ መርከብም ላይ ጫፎቹና ላይኛው ፎቅ አብዝተው ይወዛወዛሉ። በተሳፈሩበት ቀን ትልልቅ ሻንጣዎች ወደብ ላይ ተሰጥተው ክፍል የሚደርሱት ከሰዓታት በኋላ ነው። ስለዚህ መድኃኒት፣ ሰነድና ቅያሪ ልብስ በእጅ በሚያዝ ቦርሳ ይሁኑ። እሳት በባሕር ላይ ትልቁ አደጋ በመሆኑ ሻማ፣ ዕጣን፣ የልብስ ካውያና ማንኛውም ምድጃ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ የቡና ሥርዓቱ እስከ መልስ ይቆያል። ጾም የያዘ ሰው ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ የጸዳ ምግብ እንደሚፈልግ ቲኬት ሲቆርጥ ቢያሳውቅ ይዘጋጅለታል። ሆድ የሚያበላሸው ኖሮቫይረስ በመርከብ ላይ በቀላሉ ስለሚዛመት፣ ከምግብ በፊት እጅን በሳሙናና በውኃ መታጠብ ያስፈልጋል፤ የእጅ ማጽጃ አልኮል ብቻውን አይበቃም።

የአደጋ ጊዜ ልምምድ ለማንም የማይቀር ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2012 «ኮስታ ኮንኮርዲያ» የተባለችው መርከብ ጣሊያን ጠረፍ ላይ ከድንጋይ ጋር ተጋጭታ 32 ሰዎች ሲሞቱ፣ በዚያው ምሽት የተሳፈሩት መንገደኞች ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር። ከ2015 ጀምሮ ዓለም አቀፉ ደንብ ልምምዱ መርከቧ ከመነሳቷ በፊት ወይም እንደተነሳች ወዲያውኑ እንዲደረግ ያስገድዳል። ሰባት አጭርና አንድ ረጅም የጡሩንባ ድምፅ ከተሰማ መንገደኛው ወደተመደበበት መሰብሰቢያ መሄድ አለበት።

ወደብ ላይ የሚወርድ ሰው ሰዓቱን በመርከቧ ሰዓት ማስተካከልና ከተነገረው የመመለሻ ሰዓት ቀደም ብሎ መድረስ ይኖርበታል። በግሉ ሊጎበኝ ወጥቶ የዘገየን መንገደኛ መርከቧ ትታው ትሄዳለች፤ እስከሚቀጥለው ወደብ የሚደርሰውም በራሱ ወጪ ነው።