መብራት ሲጠፋ አንድ ባትሪ ስንት ሌሊት ያቆያል?

በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ መብራት ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ ያሳለፈ ሰው የአንድ አምፖልን ዋጋ ያውቃል። ለክፉ ቀን አንድ ባትሪ ቤት ማስቀመጥ ጥሩ ነው፤ አቅሙን በሒሳብ ማወቅ ደግሞ የግድ ነው።

ባትሪው ላይ የተጻፉትን ሁለት ቁጥሮች አባዟቸው። 12 ቮልትና 100 አምፒር-ሰዓት ከሆነ 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ሆኖም የእርሳስ-አሲድ ባትሪ ተሟጦ ሲቆይ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል፤ ከዚያ በኋላ ኃይል ቢሰጡትም አይሞላም። ስለዚህ የታችኛው ግማሽ እንደ ዘር እህል ነው፤ አይበላም። የሚበላው 600 ዋት-ሰዓት ብቻ ነው። ስስ ሰሌዳ ያለው የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ስለሆነ መሟጠጥን ከዚህም ያነሰ ይችላል።

አሁን የአንድ ምሽት ወጪ እንቁጠር። ባለ 5 ዋት ሁለት የኤልኢዲ አምፖሎች ለ5 ሰዓት ሲበሩ 50፣ ሁለት ስልኮች ሲሞሉ ከብክነቱ ጋር 50 ያህል፣ 3 ዋት የሚፈጅ ሬዲዮ በ4 ሰዓት 12። ድምሩ 112 ዋት-ሰዓት ነው። 600ውን ለ112 ስናካፍለው ከአምስት ሌሊት በላይ ይሆናል።

ይህ የሚሆነው ግን ዕቃዎቹ በቀጥታ ከ12 ቮልቱ ሲሠሩ ነው። ስልክ የሚፈልገው 5 ቮልት ነው። በኢንቨርተር ወደ 220 ወጥቶ በቻርጀር ተመልሶ ሲወርድ በሁለቱም ጉዞ ኃይል በሙቀት ይባክናል። ኢንቨርተሩ ምንም ሳይሰካበት በርቶ ሲቀመጥም ይበላል፤ 10 ዋት ቢወስድ በ24 ሰዓት 240 ነው። አምስቱ ሌሊት ሁለት እንኳ አይሞላም። መፍትሔው የ12 ቮልት አምፖልና መኪና ላይ የሚሰካውን የስልክ ቻርጀር መጠቀም ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከቶ አይሞከርም። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ ከዚህ ባትሪ ወደ 290 አምፒር ይጠይቃል፤ ሽቦ ያቃጥላል።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዱ የባትሪን አቅም ይቀንሳል። ባትሪው ቤት ውስጥ ይሁን፤ ሲሞላ የሚቀጣጠል ሃይድሮጂን ስለሚያወጣ ግን አየር የሚገባበት ቦታ፣ ከምድጃና ከሻማ ርቆ ይቀመጥ። በሶላር የምትሞሉ ከሆነ የሐምሌና የነሐሴን ደመና አስቡ፤ በበጋ የበቃ ፓኔል በክረምት ላይበቃ ይችላል።

በየጊዜው ባትሪውን አሳርፋችሁ በቮልት መለኪያ እዩት፤ 12.7 ሙሉ ነው። ወደ 12.1 ሲጠጋ አጥፉና ሙሉት።