ከፎቁ ግርጌ ያለችው ቤት

አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም ከላይ ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን፣ በሰገነቱ ዙሪያ መከታ ያደርግ ዘንድ ኦሪት ዘዳግም አስቀድሞ ደንግጓልና፣ የሕንፃ ሕግ ነፍስን ለመጠበቅ የቆመ ጥንታዊ ሥርዓት እንጂ የዘመናችን መሐንዲሶች ያመጡብን ጣጣ አይደለም። በአገራችንም ይህ ሥርዓት በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 እና በኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ተጽፎ ሳለ፣ በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በባቱም ሆነ በሻሸመኔ፣ «የሕንፃ ሹም» ሲባል ሰዉ ትዝ የሚለው ማኅተምና ቅጣት ብቻ ነው።

ኮንዶሚኒየም በ1996 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች እንደ ተሻገረ፣ አብዛኛው ጂ+4 ላይ የቆመው አሳንሰር ላለማስገባት እንደ ሆነ፣ ስቱዲዮ የሚባለውም 20 ካሬ ሜትር ገደማ እንደ ሆነ ማንም ያውቀዋልና አልፈዋለሁ።

እኔ ምስጋና ተነፍጓታል የምለው በፎቆቹ ግርጌ የምትቆመው የጋራ መጠቀሚያ ቤት ናት። ብዙ ሰው የዘበኛ ቤት ወይም ከግንባታው የተረፈች መጋዘን ትመስለዋለች። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ ንድፉን ያወጡት ሰዎች፣ ከግቢ ኑሮ ወደ ፎቅ የሚወጣው ቤተሰብ ምጣዱን፣ የበዓል በጉን፣ ድግሱንና ልቅሶውን በታች ጥሎ እንደማይመጣ አስቀድመው ተረድተው፣ ማረጃው፣ እንጀራ መጋገሪያውና ልብስ ማጠቢያው ለብቻው በምድር ላይ እንዲሠራ አደረጉ። ስዊድናውያን በየሕንፃቸው የጋራ የልብስ ማጠቢያ ክፍል አላቸው፤ በግ የሚያርዱበት ግን የላቸውም። ከውጭ በተቀዳ ንድፍ መካከል ይህን ያህል የእኛን ኑሮ የተመለከተ ሐሳብ መገኘቱን ባሰብሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

በአንድ የትንሣኤ ዋዜማ አዳማ ውስጥ ወዳጄን ልጠይቅ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ፣ ሁለት ጐረምሶች አንድ ሙክት በቀንዱ እየጐተቱ ከፊቴ ደረጃውን ይወጣሉ። ከሁለተኛው ፎቅ ማረፊያ ላይ ቀደም ብሎ የታረደ በግ ደም በባልዲ ውሃ እየታጠበ፣ በደረጃው ጠርዝ ወርዶ ከታች በተሰጣ ነጠላ ላይ ይንጠባጠባል። አንዲት እናት በኮሪደሩ ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ ዘርግተው ይጋግራሉ።

«እትዬ፣ የጋራ ቤቱ እያለ ለምን እዚህ ይቸገራሉ?» አልኋቸው።

«እሱማ ለሲሚንቶ ነጋዴ ተከራይቷል፣ የኔ ልጅ። ኪራዩ ለዘበኛው ደመወዝ ነው» አሉኝ፣ አክንባሎውን እያነሡ።

ዘበኛ መቅጠር ደግ ነገር ነው። ነገር ግን በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጁ መሠረት የጋራ መጠቀሚያ የሁሉም ባለቤቶች ያልተከፋፈለ ድርሻ እንጂ ኮሚቴ እንደ ግል ቤቱ የሚያዝዝበት ንብረት አይደለም። የደብሩን ዐውደ ምሕረት ለመጋዘን ያከራየ ሰበካ ጉባኤ አይቼ አላውቅም፤ ዐጥሩን ለሱቅ ያከራየ ግን አይቻለሁ።

ንድፉን ሳመሰግን ጉድለቱን ልሸሽግለት አልፈልግም። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለሚኖረው ለአዲስ አበባ ሰው የታሰበ ዐይነት ንድፍ 1,600 ሜትር ገደማ ወደሆነችው አዳማ ሲወርድ፣ ከላይኛው ፎቅ፣ ከቆርቆሮው ሥር ያለ ስቱዲዮ በሚያዝያ ቀትር ምን እንደሚመስል የኖረበት ይናገር። መስኮቱን ከፍቶ እንዳይተነፍስ ደግሞ፣ በአዳማ ዳር ባለው ኮረብታ ላይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚያሽከረክረው ያው ነፋስ አቧራውን ሁሉ ይዞ ይገባበታል። መስኮት ወዴት ይዙር፣ ጥላ በየት በኩል ይዋል የሚለውን የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለራሳቸው አየር ተስማሚ አድርገው ቢደነግጉ፣ ከቀለም ቅብና ከመስታወት ግንብ ይልቅ የሕንፃ ጥራት የሚባለው ያ ነበር።

ነዋሪውም ከወቀሳ አያመልጥም። በረንዳውን በላሜራ ዘግቶ ዕቃ ቤት የሚያደርገው፣ ደረጃውን በከሰል ከረጢትና በጀሪካን የሚሞላው ባለቤቱ ራሱ ነው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ በፈንታሌ አካባቢ የበረታው የመሬት መንቀጥቀጥ አዳማ ድረስ ሲሰማ፣ ሰው ነፍሱን ለማዳን የሚሮጠው በዚያው ደረጃ ነበር። አገራችንን ለሁለት የሚከፍለው ስምጥ ሸለቆ ደግሞ ገና አላረፈም።

እንግዲህ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሊቃነ መናብርት ሆይ፣ ከሚመጣው ፋሲካ በፊት ደረጃውን አስጠርጋችሁ፣ የዚያችን የታችኛዋን ቤት ቁልፍ ከተከራዩ አስመልሱ።